ልክ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከሦስተኛው ደጃፍ፣
ሠላሳ ዓመቴ ጨርቅ ስሰፋ፣ ሳጥፍ።
ሰው በመልኩ ሳይሆን፣ በልኩ ነው የማውቀው፤
የደላው፣ የከሳው፣ ሐሳብ የጨመቀው
ለእናቱ ሳይነግር ለሜትሬ ያወራል፤
ትከሻ ሲሰበር ጣቴ ቀድሞ ያያል።

ረምዚን የለካሁት ገና ስድስት ሳለ፣
ለዒድ፣ ነጭ ሸሚዝ፤ "ኪሱን አስፋው" አለ፣
"ብይ ልይዝበት።"

አባቱ በቦሳሶ ሄደ። ጀልባ። ባሕር። ከዚያ ዝም።
ሬሳ አልመጣልን፤ ለሐዘን አልተቀመጥን፣ ከሐዘንም አልተነሣንም።

አሥራ ሰባት ሲሆነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣
መጥቶ ቆመ ልጁ ከማሽኔ ጥላ፤
"መቃብር ለሌለው ማን ዱዓ ያድርግለት?
ምን አጥፍቶ ነበር? ንገረኛ፣ በላ!"
"ሰብር አድርግ፣ ልጄ" አልኩት።
የሙሽራ ሱሪ ነበረብኝ፣ ለማግስቱ የቀጠርኩት፤
ፔዳሉን ረገጥኩት።
ያቺ ቀን ናት እላለሁ እኔ። ሌላው ሌላ ቀን ይላል።

ከዚያ ጆሮው ላይ ሽቦ በቀለ።
ዜማ አይደለም። አንድ ሰው ነው፣ ሲናገር የሚያለቅስ፣
ቋንቋችንን እንደ ኪራይ ቤት የሚኖርበት፣ ግድግዳውን የሚያፈርስ፣
ጁገልን ያልረገጠ፣ አምስቱን በር ያልቆጠረ፣
ረምዚ የሚባል ልጅ መኖሩን እንኳ ያልጠረጠረ።
ግን መልስ ነበረው።
"ባሕር የበላው ሁሉ" አለ፣ "እናቱ ዘይት ይዛ
መቃብር ስለሳመች ነው፤ ቤቱ በሽርክ ስለወዛ።"
ልጁ በልኩ የተሰፋ መሰለው።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልንገራችሁ፦ የቦንዳ ልብስ ነው፤
ለሺህ ትከሻ አንድ ቁጥር።
የበረደው ሰው ግን ቁጥር አይጠይቅም።

ኋላ ድምፁን ሰው ተካው። ሸዋ በር አጠገብ ክፍል የተከራየ፣
ጫት የማይቅም፣ አንገቱን የደፋ፣ እጁ ከኪሱ ያልተለየ።
"አንበሳዬ" ይለው ነበር።
አባቱ ከሄደ ወዲህ በስስት የጠራው የለም፤
እኛ "የቲሙ" ነበር የምንለው።

ሱሪውን ይዞ መጣ፦ "አራት ጣት አሳጥረው።"
ሱሪ ማጠሩ ምን አለው? የአባቴም አጭር ነው፣
በውዱእ ውሃ የራሰ፣ ማንንም ያላስከፋ።
ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ ቁልፍ የሚተክለው ጋሽ ደምረው፣
በጉልበቱ ያሳደገው፣ "ረምዚዬ!" ብሎ እጁን ሲሰፋ፣
ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ደምረው እጁን ወደ ቁልፎቹ መለሰ። ብዙ ቆጠረ።

በአሹራ ማታ ሩቂያ የጅቦቹን ገንፎ
ቅቤ አጠጥታ ስትወጣ፣ ቆመ በሩን ደግፎ፤
በእግሩ አለው።
ጅቦቹ መጡ፤ ድንጋዩን አሸተው ተመለሱ።
እሷ አልጮኸችም። የፈሰሰውን በእጇ ዛቀች።
"ትኩስ ነበር" አለችኝ በማግስቱ፣
"እግሩን ሳያቃጥለው አይቀርም።"

በሳምንቱ፣ በሽንኩርት አይሱዙ፣ የባቢሌን መንገድ ያዘ አሉ።
ጅግጅጋን አለፈ ይላሉ፤ ኬላ ላይ ቀረም ይላሉ።
የሰውዬው ክፍል ባዶ ነው፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቻርጀር፣ የሦስት ወር ኪራይ።
"ከውጭ የመጣ ነው" ይላል ሰፈሩ፣ ጣቱን ቀስሮ ወደ ሩቅ ሰማይ።
እውነት ነው። ከውጭ ነው የመጣው።
ግን ግንብ አለን እኮ እኛ፣ በር አለን፤
ልጁ ደጅ ሲያንኳኳ ግን፣ የማሽኑ ጩኸት አልሰማ አለን።

ደብተሬ ላይ አሁንም አለ፦ ረምዚ፣ ወገብ ሰባ ሁለት፣ ቁመት መቶ ሁለት።
ገጹን ስገልጥ እጠነቀቃለሁ፣ ጠርዙ እንዳይቀደድበት።

ሱሪውን ግን፣ ለእሱም ለሩቂያም ያልነገርኩት፣
አልቆረጥኩትም።
አራቱን ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ
በላላ ክር ነው የያዝኩት።
የትም ይሁን፣ አንድ ቀን ጎንበስ ቢል፣
ጫፉን ቢስበው፣
ይፈታል።