ቋጠሮ

ወንድይፍራው በያጁ፣ ጠባሴ ላይ ያለው፣
ስድስት አሮጌ በርሜል ጎን ለጎን በየደው።
የባጃጅ ሰንሰለት፣ የወፍጮ ቤት ቺንጋ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ የተጣለ ወንፊት አንድ ላይ ሲያዋጋ
ሁለት ክረምት ፈጀ፤
በሦስተኛው መስከረም ከበሬሳ ድልድይ ሥር ተንጓጓና በጀ።

የሚያዞረው ውሃው ነው፣ ነዳጅ አይጠይቅም፤
ሃይላንድ ሲነክስ፣ ፌስታል ሲጎትት ጥርሱ አይደክም።

የተመረቀ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣
ውሃ በሃይላንድ ለእንግዳው ተሰጠ።
ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ግን
ባዶው ወንዝ ገባ። ማሽኑ ምን ይበል? ጎንበስ ብሎ ለቀመ ያንኑ ሃይላንድን።

እኔ ዘበኛው ነኝ። ካፖርቴን ደርቤ፣
በሁለት ጆንያ ውስጥ እግሮቼን ሰብስቤ።
የደብረ ብርሃን ቁር አጥንት ይቆጥራል፤
ማሽኑ ይንጓጓል፣ ወንዙ ያንጎራጉራል።

ጠዋት ስለቅመው ምኑን አላየሁም!
የሰው ጉድ በፌስታል ታስሮ ሲመጣልኝ አፌን አልከፍትም።
የሐኪም ወረቀት። ነጠላ ኮንጎ ጫማ ጭቃ ላይ አርፏል።
የሠርግ ፎቶ ግማሽ፦ ሙሽራው ይስቃል፣ ክንዱ አየር አቅፏል።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣ፣
አንዲት ጥቁር ፌስታል ጥርሱ አንጠልጥሎ ከውሃው አወጣ።
ቋጠሮዋን አየሁት።
ሁለቴ ተጠምዝዞ ጆሮው ወደ ውስጥ የሚቀበር፣
አባቴ ያስተማረኝ፣ የአህያ ጭነት ሲያስር፣
በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የማያስረው ነበር።

እውነት ነው፤ ትናንት ማታ፣ ሰፈሩ ኅዳርን ሲያጥን፣ ገንዳው ሩቅ ነበረ፣
ብርዱ ደግሞ ከረረ፣
ከላይኛው ድልድይ ግራ ቀኝ አይቼ፣ እጄ በራሱ ወረወረ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ።
ሲመልስ ምን ይላል? አንድ ሰው አልነገረኝ ከሚተርቱት ሁሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ጋሪ ይመጣል፤ ይፍቱሥራ ይነዳል፣
ክምሩን ይጭናል።
«ወዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት በዚያ ዕለት።
«ገደሉ አፋፍ» አለኝ፣ ፈረሱን እያከከ አንገት ላንገት፤
«ከዚያ የጣሉት ነገር ዳግመኛ አይታይ፣
ክረምቱ ለጀማ ያደርሰዋል፣ ጀማ ደግሞ ለዓባይ።»

እጄ ቋጠሮው ላይ እንደያዘ ቀረ።
ከኋላዬ ማሽኑ ባዶ ውሃ እያነሳ፣ እየጣለ፣
እየተንጓጓ ዞረ።