እንጥልጥል

መምህር ደመላሽ፣ ከዚራ ትምህርት ቤት፣
ጠመኔ እንደያዙ ቆመው ከሰሌዳው ፊት፣
"ልብ አንጠልጣይ የሚሉት ከየት ነው የቃል ሥሩ?"
ብለው ሲጠይቁን ሁሉም አቀረቀሩ።

እኔ የማውቃት አንዲት እንጥልጥል ነበረች፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ እንደቆመች የቀረች።

ነሐሴ ነው። ማዶ ደንገጎ ጠቁሯል፤
ድሬ ላይ ግን ፀሐይ ቆርቆሮ ያግላል፤
ወንዙ ውሃ የለው፣ አሸዋው ይፋጃል፣
ፍየሉም ጋሪውም በሆዱ ላይ ያልፋል።
ነጂብ ታላቅ ወንድሜ፣ ለእህታችን ጫጉላ
ፍራሽ ተሸክሞ ሲመጣ ከመጋላ፣
መሃል ላይ ሲደርስ፣ ከላይ ከተራራው ጥላ
ድምፅ መጣ፤ ነጎድጓድ አይሉት፣ ባቡርም አይደል፤
ዳር ያለው ሰው ጮኸ፦ "አቦ፣ ፍራሹን ጣል!"
ጆሮውን ሸፍኖት ፍራሹ አልሰማንም፤
ቀና አለ፣ ቆመ፤ ግራ ቀኝ አላየም፤
አንድ እግሩን አነሳ...
ገና አላሳረፈም።

ያኔ ነው ያወቅኩት እንጥል እንዳለችኝ፤
ጉሮሮዬ መሃል ተንጠልጥላ ያዘችኝ፣
አልወርድ አልወጣ ብላ አስጨነቀችኝ።
ሰው "እንጥሌ ዱብ አለ" ይላል ሲደነግጥ፤
የእኔዋ ግን ዱብ አትል፣ ትንፋሽም አትሰጥ።

ቃሉ ከዚያ ይሆን ብዬ እጄን አወጣሁ፣
ይህንኑ ለክፍሉ እየተንተባተብሁ አወራሁ።
ሊቅ ሌላ ሥር ያውቅ ይሆናል፤ የእኔ ይኼ ነው አልኩኝ፤
"አላለቀም" ብለው ግማሽ ነጥብ ሰጡኝ።

ነጂብ ዛሬም አለ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤
ሳቢያን ሱቅ ከፍቶ ስፖንጅ ይሸጣል፤
ያን ቀን እንዴት ወጣህ ስለው፣ "ረሳሁት" ይላል።
እኔ ግን ሌሊት፣ ደንገጎ ሲያጉረመርም፣
ያቺን እግር አያታለሁ፤
አየር ላይ ናት። አላረፈችም።