ጨው መላሽ

ሃያ ሁለት ዓመት ጨው ነበር ጭነቴ፣
ከአፍዴራ ሚሌ፣ ከሚሌ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ቤቴ።
መጀመሪያ የኤንትሬዬን ፓራፋንጎ በላ፣
ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ የበሩን ማጠፊያ፣ ቀጠለ ወደኋላ፤
በመጨረሻ እኔን ጀመረኝ፣ ከከንፈሬ።
ያኔ ሸጥኳትና አረፍኩ በሰፈሬ።

ኮምቦልቻ ነው፤ ከቦርከና ማዶ፣ ከግቢዬ ጀርባ
ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ገባ።
አሥራ ሁለት በስድስት፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት፤
"ምን ሊቀብር ነው እብሬ?" አሉ። አልኳቸው፦ "ንብረት።"

ሰማያዊ ሴራሚክ ለበሰ፤ ውኃ ሞላሁበት።
ከዚያ የማውቀውን ጆንያ በማውቀው ትከሻዬ ተሸክሜ፣
ሦስት ኩንታል ጨው፣ ከጠርዙ ላይ ቆሜ
አፈሰስኩበት።
ዙሪያሽ ከበር ላይ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
"ሰው ከውኃ ጨው ያወጣል፣ ይኼ ይመልሳል!" አለች።
ይኸው እስከ ዛሬ ስሜ እሱ ነው፤ ጨው መላሽ።
ገበያ ላይ፦ "ጨው መላሽ፣ ምነው ብቻህን፤ የታለች ዙሪያሽ?"

ሥራዬ ይኼ ነው። ሳይነጋ እነሳለሁ፤
ሌሊት የረገፈውን አበባ በመረብ እለቅማለሁ፤
በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ቀድቼ ጠብታ ጠብ ሳደርግበት
ቢጫ ከሆነ ኮምጥጧል፤ ወይን ጠጅ ከሆነ ከፍቶታል፤
ቀላ ሲል ብቻ ልቤ ያርፋል።
ሴል የሚሉት ደግሞ አለ፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ፣ ብረት በውስጡ ደርድሮ፤
ጨዉን በመብራት ሰንጥቆ ክሎሪን ያወጣል፤
ክሎሪኑም ሥራውን ሲጨርስ ያው ጨው ይሆናል፣ ዞሮ ዞሮ።
የአገሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፤ ሴሉ በየወሩ ነጭ ጢም ያበቅላል፤
በአሲድ እላጨዋለሁ። እሱ ያፈላል፣ እኔን ያስለኛል።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ውኃው አረንጓዴ ይላል፤
እንቁራሪት ከቦርከና "ይኼ የእኛ ነው" ብላ ትመጣለች።
ያን ሳምንት ከዙሪያሽ ጋር አንነጋገርም።
ጄኔሬተሩ የሚጠጣው የእራታችንን ነው፤ እሷም አትረሳም፣ እኔም።

አንድ ቀን ሁመድ መጣ፣ ከአፍዴራ፤ ድሮ ይጭንልኝ የነበረ።
ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለ። ጣቱን ነከረ።
ላሰ። ቆየ። ምራቁን ዋጠ።
"ይኼ ጨው አይደለም" አለኝ፤ "እንባ እንኳ ይብሰዋል።"
እውነቱን ነው፤ ከመሣሪያው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤
እንባ ሦስት እጅ ይበልጠዋል።
ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ሰደደ፣ የተሰነጠቀውን እግሩን፤
"አያቃጥልም" አለ። ደግሞ "አያቃጥልም" አለ፣ እያየ ጣቱን፤
ሠላሳ ዓመት ጨው ኩሬ ውስጥ ቆሞ
ያላቃጠለው ቀን ይኑር አይኑር የረሳ ይመስል።
እስኪመሽ አላወጣውም።

ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ ጨዉን አትወስድም።
ጨው የሚወጣው በልጆች ነው።
ቅዳሜ ሃምሳ ይሆናሉ፤ ይዘልላሉ፣ ይንቦጫረቃሉ፤
ጠርዙን አልፎ የሚፈሰውን እኔ በልቤ እቆጥራለሁ።
ማታ ሲደርቁ ቅንድባቸው ላይ ነጭ ነጩን አያለሁ።
"በቧንቧ ውኃ ታጠቡ" እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ!
በየሰፈሩ ይበተናሉ፣ ጥቂት ጥቂቱን ተሸክመውልኝ፣
ያለ ግመል፣ ያለ ኤንትሬ፣ ያለ ኬላ፣ ያለ ጭነት ደብዳቤ።
እኔም በወሩ መጨረሻ አንድ ጆንያ እገዛለሁ፣ ቆርጬ ከቀለቤ፤
ዙሪያሽ በአንዱ ጫፍ ትይዝልኛለች፣
እየሳቀች።