የኖራው መስመር

ደወላችን ሐዲድ ነው፣ ክንድ ከስንዝር ቁራጭ፣
ከኒም ተንጠልጥሎ ሰዓት የሚረጭ።
በብሎን ስመታው ደቻቱን ተሻግሮ
ማዶውን ያነቃል፣ እንደ ባቡር ድሮ።
አሥራ ስምንት ዓመት ስመታ ሁለቴ ብቻ ሳትኩ፤
አንዴ እናቴ ስታርፍ፣ አንዴ ጎርፍ ሲያጓራ፣ ብሎኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ሰዎች መጡ፤
ገመድ ዘረጉና ካስማ ቀጠቀጡ፤
በኖራ አሰመሩ ከበራችን እስከ አሸዋው ዳር፣
ኒሟም ቀይ ኤክስ ደረሳት፣ እንደ ተሳሳተ የሒሳብ ቁጥር።
«መንገድ ይወጣል» አሉ፣ «ሃያ ሜትር ስፋት፤
ከወዲያ ኮንዶሚኒየም፣ አሥራ ሁለት ብሎክ፣ ፎቁ አራት አራት።»
ኢንጂነሩ ልጅ ነው፤ ከገምቦዬ ውሃ ለምኖ ጠጣ።
«ለምን በአሸዋው አይዞርም?» ብለው፣ ላቡን ጠረገ ሳይቆጣ፤
«ጎርፍ ይበላዋል፣ ጋሼ።»

ቅዳሜ ተሰበሰብን፣ አራተኛ ሀ ክፍል፤
ጉልበት ከአገጭ ገጥሞ በልጅ ዴስክ ስንጠቀለል።
ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ፣ ቀሪው ሳይሠራ፣
ማንም አልደመሰሰው፤ ፊቱ ተከራከርን በተራ።

አዴ ሙኒራ ቀደሙ፦ «ሲኖትራክ ፍሬን አያውቅም፤
የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግራ ቀኙን አያይም።»
እውነት ነው፤ አጨበጨብን። ከዚያ አቶ ዘርይሁን ተነሡ፣
ስለ ጸጥታ፣ ስለ ንጹሕ አየር ብዙ ነገር አነሡ።
ሦስት ባጃጅ አላቸው፣ ቀኑን ሙሉ በራችን ላይ የሚያንባርቁ፤
ማን ይናገር? ዕቁብ ሰብሳቢ ናቸው፤ የሁሉን ዕዳ የሚያውቁ።

«የማናውቀው ሰው ይሞላል» አለ አንዱ፣ ከወደ መስኮት።
ዝም አልን። ሰማን ፍየሏን፣ ካርቶን ስትበላ ከደጃፉ ፊት።
አባቴ በባቡር መጣ፣ የተናጋሪው አያት በግመል ጨው ጭኖ፤
ማን ነው ከዚህ አሸዋ የበቀለ፣ እንደ ቁልቋል ሆኖ?
ይህን ግን ጮክ ብዬ አላልኩም።

ወረቀቱ ዞረ። ፊርማ፣ አውራ ጣት፣ ሐምራዊ ቀለም።
እኔ ጋ ሲደርስ ከበደ፤ እስክሪብቶ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም።
ኪሴ ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አለ አንድ ደብተር፤
የቤት ቁጠባ ነው፤ ከወር ወር ከጉሮሮ የተነጠቀ ብር።
ሰባት ነን በአንድ ክፍል። ቆርቆሮው በግንቦት ሰው ይጋግራል፤
አዝመራ ደጅ ተኝታ በሰፌድ እያራገበች፣ «ዕጣው መቼ ይወጣል?»
እንግዲህ ያ ብሎክ፣ ይሄ የምቃወመው፣
ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ፣ ምናልባት የኔ ነው።

«ፈርም እንጂ፣ ጋሽ በዳሳ!» አሉ። ፈረምኩ። ቀጥዬም
ከስሜ ሥር በደቃቁ ጻፍኩ፤ ማንም አላዘዘኝም፦
«ቤቱ ይሠራ። መንገዱ በአሸዋው በኩል ይዙር።
የልጆች በር በር ሆኖ ይቆይ። ኒሟም ትኑር።»
ጸሐፊው አነበበ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አወጣና
«ይሄ ተቃውሞ ነው» አለኝ፣ «ወይስ ልመና?»
ምን ልበለው? አሸዋውን ጎርፍ እንደሚበላው ልጁ ነግሮኛል፤
ብሎን ጥዬ የሮጥኩ ሰው፣ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል?

ሰኞ ማለዳ ስመጣ ነፋሱ ኖራውን አልጠረገም፤
ልጆቹ ግን ቀድመውኛል፣ የመሐንዲስ ፈቃድ አልጠየቁም።
ሰኞ ማክሰኞ ከፋፍለውታል፣ ያንን ሃያ ሜትር፤
ሂንዲያ ባንድ እግሯ ትዘላለች፣ ከሐሙስ ወደ ዓርብ፣ ከካስማው ሥር።
«መስመር ነክተሻል!» «አልነካሁም!» «ነክተሻል!» «አልነካሁም!»
የቅዳሜው ጭቅጭቅ ነው፤ እነሱ ግን አያስፈርሙም።

ሰዓቴን አየሁ። ከሁለት አልፏል ሦስት ደቂቃ።
ብሎኑ እጄ ላይ ሞቀ፤
ሦስተኛ ስህተቴ ይሁን ብዬ ቆምኩ፣ ሂንዲያ ዘልላ እስክታበቃ።