ሰኞ ደሞዟን ወሰደች

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የብሎኬት ማሽኑ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣
በሲሚንቶ ከረጢት መሀል ቦታ ፈልጌ፣
ስክሪኔን ከአቧራው በሻሼ ጠርጌ፣
ሰንጠረዥ ከፈትሁ፦ ወደ ታች አሥራ ሁለት ሰው፣
ወደ ጎን ስድስት ቀን፤
በመሀሉ ቁጥር ነው፣ ማን ስንት እንዳወጣው።

የምጽፍበት ቋንቋ ቃሉ ከመዳፍ አይተርፍም፤
አንድ ምልክት አንድ ሥራ፣ ሐተታ አያውቅም።
ከቀኝ ነው የሚፈታው፣ ከመስመሩ ጭራ፤
እንደኛ ዓረፍተ ነገር፣ ማሰሪያው እስኪጠራ
ፊተኛው ሁሉ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ በተራ።
ግሶች አሉት፤ መደመር፣ ማነጻጸር፣ መቁጠር።
ከግሶቹ በላይ ደግሞ አለ ሌላ ዘር፤
ቁጥር ነክቶ የማያውቅ፣ ግስ ብቻ የሚቀበል፣
አንዱን ግስ ዋጥ አድርጎ ሌላ ግስ የሚያበቅል።

ካቦ ረጋሳ አንድ ቀን ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ፣
«ይቺ ያዘመመች ጭረት ምንድን ነች?» አለኝ።
«ራሷ አትሠራም» አልሁት። «መደመርን ስጣት፣
በየቁጥሩ መሀል ገብታ ረድፉን ወደ አንድ ታጥፈዋለች።
ትልቁን መምረጥ ስጣት፣ አውራውን ታወጣለች።
ስትሠራ አታያትም፤ ታሠራለች።»
ዝም አለ። ብሎኬት ተሸክሞ አያውቅም ረጋሳ፤
ተሸካሚ ይሰጡታል፣ ማሸከም ይመልሳል።
«ካቦ ነቻ!» አለና ሳቀ፣ ቆቡን አውልቆ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህርት ጥሩወርቅ
ሰሌዳው ላይ ጠመኔ ስታደቅ፣
ቆረጠ። ቆራረጠ። አስቆረጠ። አስቆራረጠ።
መሀል የገባችው «ራ» ለእያንዳንዱ ታዳርሳለች፣
ግንባር ላይ ያለችው «አስ» ሌላ ሰው ትልካለች፤
ሁለቱ ቢደራረቡም ሥሩ መቼ ተለወጠ!
ያኔ አልገባኝም፣
ፊደል ካቦ እንደሚሆን።

ቅዳሜ አንድ መስመር ጻፍሁ፣ ካቦን በካቦ ላይ ጭኜ።
በቀጭኗ ጭረት ፈንታ (እንቅልፍ ይሁን ችኮላ)
ወገቧ ላይ ሰረዝ ያላትን መትቻለሁ ለካ፣ ሌላ
ዘንግ ታጠፈ። ሰንጠረዡ በጎን ሳይሆን ቁልቁል ተጨመቀ፤
የሰው ድምር ሲጠበቅ የቀን ድምር ወጣ፣
ዝርዝሩ ስድስት ላይ አለቀ።

ረጋሳ ከላይ ወደ ታች ስምና ብር ጠራ።
ጦና ሰኞን ወሰደ፤ የአሥራ ሁለት ሰው ሰኞ፣
ሙሉውን፣ በአንድ እጅ።
አመንሲሳ ማክሰኞን።
እንዲህ እያሉ ቀኖቹ ደሞዛቸውን ወሰዱ፤
ሰባተኛዋ ኤርጎጌ መዳፏን እንደዘረጋች፣
ከኋላዋ አምስት ሰው፣ ጓንታቸውን ሳያወልቁ።

ማንም አልጮኸም። ጦና ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፣
ሦስተኛ ሊቆጥር ጀመረና ተወው።
«ሰኞ እኮ» አለ፣ «አልነበርኩም። ልጄን ጤና ጣቢያ ይዤ ነበር።»

ኤርጎጌ ወደ ኮንቴይነሩ ወሰደችኝ፣
ዝገቱ ላይ በጠመኔ የጫረችውን አሳየችኝ፤
አራት ጭረት፣ አምስተኛው ወገባቸውን የሚያቋርጥ፤
እኔ ዘንድ ሳምንቱን ያዞረች ሰረዝ፣
እዚያ አምስትን ጠፍንጋ የምትጨብጥ።
አብረን ቆጠርን። አንድ ሺህ አርባ።
ተመለስሁ፣ ሰረዟን ደለዝሁ፤
ሰባተኛው ረድፍ፦ አንድ ሺህ አርባ።

ባለቤቱን አይተነው አናውቅም።
እሱ ረጋሳን ይልካል፣ ረጋሳ ጦናን፣ ጦና አካፋውን።
አማርኛ ሁለት «አስ» አይደራርብም፤
ቱሉ ዲምቱ ግን ይደራርባል።
ማታ ማሽኑ ዝም ሲል
እኔ የት ጋ እንዳለሁ መስመሩ ላይ ፈለግሁ፤
ከቀኝ፣ ከአካፋው ጀመርሁ።