ውሃ ልክ

ቱምቢ ብፈልግ አጣሁ፣
ካሮጌ የዓሣ መረብ አንድ እርሳስ ፈታሁ፤
በናይሎን ክር አንጠልጥዬ፣
ሠላሳ እርምጃ ርቄ ከበርች ቅርንጫፍ ሰቅዬ
እስኪረጋ ቆምኩ።
የኩህሞ ነፋስ ከሐይቁ መጥቶ ሁለቴ ነካካው፣
ሁለቴ ተወው።
ከዚያ ቀጥ አለ፤
ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይሰብከው።

ጠመንጃው ሞርሳ ላይ ነው፣
ጥርሱ እንዳይነክሰው ጓንት አልብሼው።
ከጀርባው፣ ከጠፍጣፋው ብረት ላይ፣
ትንሿን ውሃ ልክ አኑሬ ባይ
አረፋዋ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፣
መሐሏን አግኝታ አረፈች።

በመነጽሩ አየሁ።
ክሩ ቆሟል፤ መስቀሉ ግን ዘሟል፣
ወደ ቀኝ አንገቱን ሰብሯል፣
ስብከት መሐል እንቅልፍ እንደጣለው ሰው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጠማማ ነው።»

ታኔሊ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቢላ ይሞርዳል።
«ሠላሳ ዓመት ተኩሼበታለሁ፤
ቀንዳሙ ሙስ ሲወድቅ እንጂ ሲስቅብኝ አላየሁ።»

«የወደቀው ቅርብ ስለነበረ ነው፤
ስልሳ እርምጃ ላይ ጠማማም ቀና ነው።
ሦስት መቶ ላይ ግን ያ የዘመመ መስመር
ጥይቱን ይዞት ይጠፋል ወደማይታወቅ አገር።
ዘንድሮ ወረቀቱ በስሜ ዞሯል፤
ስቼ ባቆስል፣ ደሙን ማን ይከተላል?»

«ልክ ልኬን ነገርሽኝ» አለ፣
መሞረዱን ቀጠለ።

አራቱን ብሎን አላላሁ፣ ሩብ ሩብ ዙር፤
ቱቦውን በሁለት ጣቴ ባዞር
የመስቀሉ ክር በናይሎኑ ላይ ተኛ፣
በመሐላቸው ብርሃን ጠፋ።
ሳጠብቀው ግን ሸሸ።
ቀኙን ስነካ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣
ግራውን ስነካ ቀኙ ይቀየማል፣
እንደ ሁለት ወራሾች።
ትንሽ ላንተ፣ ትንሽ ላንተ እያልኩ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ አምስቴ ፈትቼ አምስቴ ጀመርኩ።
በስድስተኛው ታረቁ።

«እስቲ» ብሎ ተነሳ።
ሰደፉን ከትከሻው አገናኘ፣ ጉንጩን አስተኛ፣
ብዙ ቆየ።
«አሁን ነው የጠመመው» አለ።

አልዋሸም።
ጥድ የወደቀበት ትከሻ ነው፣
ሲጠገን ዘሞ የገጠመው።
አራት ዓመቴ ነበር፤ ሐኪሙን አላስታውስ፣ ጩኸቱንም፤
ትዝ የሚለኝ ሸርተቴው ነው፣
ከኋላው በረዶውን እየጠረገ የተጎተተ አንድ ጓንት።
አካሉ ሲዘም መስቀሉን አዘመመለት፤
ሁለቱ ጠማሞች ተማምለው ቀኑ።
ሠላሳ ዓመት ከጸና ኪዳን መሐል
እኔ ካቻቪቴ ይዤ ገባሁ።

መዝጊያው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጎተራው ባዶ፤
መነጽሩን ወደ ቤታችን አዞርኩ።
ቤቱም ሰው የለበት።
የበሩ መቃን ከቀናው ክር ጋር ሲተያይ
አንድ ጣት ወደ ቀኝ።
መስኮቱም።
ጭስ መውጫውም።
በዚያ ትከሻ፣ በዚያ ዓይን፣
በተከታዩ በጋ ብቻውን ያቆመው ቤት።

ለካ የቤት ሥራ ስሠራ
እርሳሴ ሁልጊዜ ከገበታው ተንከባሎ
ወደ ምድጃው የሚሄደው!
እኔ እኮ እርሳስ ሁሉ
ሙቀት ይወዳል ብዬ ነው ያደግኩት።

አልነገርኩትም።
ብሎኑንም መልሼ አላላላሁም።
በምስማር ጫፍ ቀለበቱ ላይ ሁለት ጭረት ጫርኩ፤
አንዱ የውሃ ልክ፣
አንዱ የአባቴ ልክ።

ቅዳሜ አደን ይከፈታል።
እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ በርቹ ሄደ፣
ባልተሰበረው እጁ ክሩን ፈታ፣
እርሳሱን መዳፉ ላይ መዘነና
«የሰው ንብረት ሰቅለሽ አታሳድሪ» አለኝ፣
«ነገ መረብ እጥላለሁ።»