የቀረችው ነጥብ

ታሪክ ካማራችሁ፣ መጽሐፍ ቤት አትሂዱ፤
መሰላል አለኝ፤ ውጡ፣ ዳስሱና ፍረዱ።
ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር፣ ከማሞቂያው ቧንቧ አጠገብ፣
ሰማያዊ ጨርቅ አለ፣ ከሩቅ የሚነበብ፦
«የዱሉት መልሕቆች፣ ሻምፒዮን፣ ሰባ ስምንት።»
ከሩቅ ይኸው ነው። ለቀረበው ግን ሌላም አለው ምልክት።

በስድሳ አንድ ነው። ሐይቁ በረዶ ለብሶ፣ መርከብ ሁሉ ሲቆም፣
የብረት ጫኙ ክንድ ሥራ ፈቶ ሲከርም፣
አርቮ ኒስካነን፣ የወደቡ አለቃ፣
«በርዶን ከምንሞት፣ ሮጠን እንሙት በቃ»
ብሎ በዓሣ መጋዘን ግድግዳ የበርሜል ቀለበት ቸነከረ፤
የከተማችን ቡድን፣ እንግዲህ፣ በሚስማር ተጀመረ።
ደመወዝ በየጨዋታው ሃያ ዶላር፣ ካልሞላም በጭስ የደረቀ ዓሣ፤
ማልያም፣ ያንዱ ላብ ሳይደርቅ፣ ሌላው ሊለብስ ሲያነሣ።
ሰባት ዓመት ተረቱ። ሕዝቡ ግን ከደጁ አልጠፋ፣
«ቤት እንጨት ከማነድ፣ እዚህ ይሞቃል» እያለ ሲጋፋ።

ከዚያ ዴልመር ቲሎትሰን መጣ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፤
ካፖርት የለው፣ ጓንት የለው፤ ጥንድ ሸራ ጫማ ብቻ ነበር።
ሐይቁን አሻግሮ አይቶ፣ «ውሃው ምነው ቆመ?» አለ፤
በነጋው ኳስ ሲነካ፣ የሚጠብቀው ሁሉ ቆሞ ዋለ።
የወደባችን ድልድይ ወደ ላይ ሲነሣ፣ መርከብ ከሥሩ ያልፋል፤
ኦጂብዌው ሬይ ቤላንገር ሲነሣ ግን፣ የማን ኳስ ደፍሮ ያልፋል?

ቁጥር የምትሰፋልን ኢርማ ሃልቮርሰን፣ የመርከብ ሸራ ሰፊ ልጅ፣
በድል ቸኩላ አታውቅም፤ ያን ዓመት ብቻ ነው እንጅ።
ሰባ አራት። የፍጻሜው ዋዜማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰፋች፤
ስሙን፣ ዋንጫውን፣ ዓመቱን፤ አራቷን በድርብ ክር አጠበቀች።
በማግስቱ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ዴልመር ከቅጣት መስመር ቆመ።
አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ ቧንቧው እንኳ ዝም አለ።
ኳሷ ክቡን ዞረች፣
ዞረች፣
እንደ እንግዳ አመንትታ፣ ከደጅ ተመለሰች።
በአንድ ነጥብ ተረታን።
አንድ። በመርፌ ጫፍ የምትሆን።

ኢርማ አላለቀሰችም። ከወንበሯ ሳትነሣ መቀሷን አወጣች፤
አራቷን ክር በክር ተርትራ ጭኗ ላይ ሰበሰበች።
እኔ ያኔ ወለል ላይ ላብ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ፤
«ልጣለው?» ብዬ ጨርቁን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።
«ጨርቅ አይጣልም» አለችኝ፣ «ክሩ ነው የቸኮለው።»
አጥፋ ከሣጥኗ አኖረችው።

አርቮ ድል ሳያይ ሞተ፣ በሰባ ስድስት፣ በጥቅምት።
ዴልመርም ጉልበቱ ከዳው፤ ወንበር ላይ ነው ያየው፣ በፋሻ፣ በምርኩዝ፣ በትዕግሥት።
የሰባ ስምንቱን ፍጻሜ ብነግራችሁ፣ ጀግንነት አይመስልም፤
የእንግዶቹ አውቶቡስ በረዶ ውስጥ አድሮ፣ እግራቸው አልሞቀም።
በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ ረታን! ሲበዛ ያሳፍራል።
ሰው እየዘለለ፣ እየተቃቀፈ ያለቅሳል፤
ዴልመር ግን ወደ ሰሌዳው ቀና ብሎ፣ ቀስ አድርጎ አለኝ፦
«ከነዚህ ውስጥ አንዷን፣ ወደ ኋላ ማበደር ቢቻለኝ።»

ኢርማ ያንኑ ጨርቅ አውጥታ፣ በአራቷ ፈንታ ስምንት ሰፋች።
አዲስ ግዥ ቢሏት፣ «ይኸው አዲስ ነው» አለች።

በሰማንያ ሦስት ወደቡ ሲቀዘቅዝ፣ ቡድኑም ተበተነ፤
ወንበሩ ተሸጠ፣ ሰዓቱ ተነቀለ፤ ጨርቁን የሚገዛ ግን ማን ነበረ?
አሁን የትምህርት ቤት ነው አዳራሹ። ልጆች ይመጣሉ፤
«ስንት ጊዜ ዋንጫ በላችሁ?» ይሉኛል። «አንዴ» ስላቸው፣ ይስቃሉ።
ከምሥራቅ መስኮት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ፣ ጨርቁ ከኋላ ይበራል፤
ከስምንቷ ሥር፣ የመርፌ ቀዳዳ፣ ነጥብ በነጥብ፣ አራት ቁጥርን ይጽፋል።

ትናንት አንዲት ልጅ ወጥታ፣ ጣቷን በዚያ ላይ አሳረፈች፤
«እዚህ ነጥብ አለ» ብላ ወደ ታች ጮኸች።
«አውቃለሁ» አልኳት፣ መሰላሉን ይዤ፤ «የቀረችብን ናት።»
«አልቀረችም እኮ» አለች። «ይኸው፣ ነካኋት።»